ቨርቹዋል ሪያሊቲ በስትሮክ ለደከመ እጅ

ጥያቄ፦ አባቴ ባለፈው ዓመት ስትሮክ መቷቸው ቀኝ እጃቸው ደክሟል። በሳምንት ሁለት ቀን ፊዚዮቴራፒ ይከታተላሉ። አሜሪካ የሚኖረው ወንድሜ የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር (ሲጠልቁት በኮምፒውተር የተፈጠረ ዓለም ውስጥ ያሉ የሚያስመስል) ልላክላቸው ይላል፤ እየተጫወቱ እጃቸው ይመለሳል ባይ ነው። እውነት ይጠቅማቸዋል? ወይስ ገንዘቡ ለተጨማሪ ቀጠሮ ቢውል ይሻላል?
ስሜ አይገለጽ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ከሆነ ገንዘቡ ለቀጠሮው ይዋል። መነጽሩ የሚጠቅመው ፊዚዮቴራፒውን ሲተካ ሳይሆን በቀጠሮና በቀጠሮ መካከል ያሉትን ባዶ ቀናት ሲሞላ ነው። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመረምረው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምገማ 2,470 ታካሚዎች የተሳተፉባቸውን 72 ጥናቶች ተመልክቶ፣ ቨርቹዋል ሪያሊቲ የተለመደውን ሕክምና ተክቶ ሲሰጥ ለእጅ የተለየ ብልጫ እንደሌለው፣ በላዩ ሲጨመር ግን የልምምዱን ሰዓት ስለሚያበዛ ሊጠቅም እንደሚችል ደምድሟል። በእነዚያ ጥናቶች አብዛኞቹ ታካሚዎች የተለማመዱት በስክሪን ፊት እንጂ ዓይን ላይ በሚጠለቅ መነጽር እንዳልነበረም ልብ ይበሉ።

የሰዓቱ ነገር ቀላል አይደለም። የተጎዳ አንጎል የጠፋበትን እንቅስቃሴ መልሶ የሚማረው ያንኑ ደጋግሞ በመሥራት ነው፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2009 በሰሜን አሜሪካ የሕክምና ቀጠሮዎችን የተከታተለ ጥናት፣ አንድ ታካሚ በአንድ ቀጠሮ በደከመው እጁ የሚሠራው ተግባራዊ እንቅስቃሴ በአማካይ 32 ጊዜ ብቻ ሆኖ አግኝቶታል። ኳስ የሚመታበት ወይም ዕቃ የሚለቀምበት ጨዋታ ይህን ቁጥር በጥቂት ደቂቃዎች ያልፈዋል፤ ብርጭቆ አንሥተህ አስቀምጥ፣ መቶ ጊዜ ድገም የተባለ ሰው ግን ከግማሹ ሳይደርስ ይሰለቻል።

ችግሩ በገበያ ያሉት ጨዋታዎች አብዛኞቹ ለሕክምና የተሠሩ አለመሆናቸው ነው፤ ማስታወቂያው ይህን አይነግርዎትም። ጨዋታው ነጥብ የሚሰጠው ለየትኛውም እጅ ከሆነ፣ ግራ እጃቸው ሥራውን ሁሉ ይወስድና ቀኙ ጭናቸው ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ አባትዎ አሸንፈው ይነሣሉ፣ የታመመው እጅ ግን ምንም አልሠራም። ስለዚህ በቀኝ እጅ ብቻ ወይም ሁለቱን አጣምሮ የሚሠራ ጨዋታ ይመረጥ። በእጅ የሚያዘውን የጨዋታ መቆጣጠሪያ አጥብቀው መያዝ ካልቻሉ፣ ባለሙያው በሚያሳያችሁ መንገድ ከእጃቸው ጋር በማሰሪያ ማያያዝ ይቻላል። የእጅን እንቅስቃሴ በካሜራ የሚከታተሉ መነጽሮችም አሉ፤ ጣቶቻቸው የተጨበጡ ከሆነ ግን መከታተሉ ሊሳነው ይችላል።

ሁልጊዜም መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሰው አጠገባቸው ሆኖ ይጠቀሙ፤ መነጽሩ አካባቢያቸውን ስለሚጋርድ ሚዛኑን መጠበቅ የሚያዳግተው ሰው ቆሞ ቢጫወት በቀላሉ ይወድቃል። ግማሽ ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን አንገትም ያደክማል፤ ሲጀምሩ ከ10 ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል። ካዞራቸው ወይም ካቅለሸለሻቸው ወዲያው ይውለቅ። ከስትሮኩ በኋላ የሚጥል ሕመም ታይቶባቸው ከሆነ ወይም የደከመው ትከሻ የሚያምማቸው ከሆነ ሐኪማቸው ሳይፈቅድ አይጀመር።

ወንድምዎ ከመግዛቱ በፊት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያቸውን የትኛው እንቅስቃሴ መደጋገም እንዳለበት ይጠይቁ። መልሱ ክርንን መዘርጋት ከሆነ ራቅ ያለ ነገር ላይ መድረስን የሚጠይቅ ጨዋታ ይፈለጋል፤ መልሱ ጣትን መፍታት ከሆነ ግን መነጽሩ ቢቀርና ገንዘቡ ለቀጠሮው ቢውል ይሻላል።