በእህትሽ ስም ፌክ አካውንት ለተከፈተባችሁ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳየው የእኛ ጣጣ ትዝ አለኝ። በታላቅ እህትሽ ስምና ፎቶ ፌስቡክ ተከፍቶ ዘመዶቻችሁን ብር እየጠየቀ ነው ብለሻል። እዚህ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ሱቅ ያላት የአክስቴ ልጅም እንዲሁ ነው የተሠራችው።

1. እህትሽ የራሷን አካውንት እንዳታጠፋ። ሁሉም ሰው «ዝጊውና ተገላገይ» ይላታል። አትስማ። እሷ «እኔን መስሏል»፣ እናንተ ደግሞ «ጓደኛዬን መስሏል» ብላችሁ ሪፖርት ስታደርጉ የምታሳዩት እውነተኛው አካውንት ያስፈልጋል።

2. ሊንኩን ያዙ። ስክሪንሾት ብቻውን ዋጋ የለውም፣ ሌባው ስሙን ይቀይራል። እኛ አንድ ቢሮ ሄድን፣ ስሙ ይቅር። ሰውየው ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «አሳትማችሁ ኑ» አለን። በዚያ ፀሐይ ከዚራ ሰፈር ድረስ ሄደን አሳትመን ስንመለስ ለምሳ ወጥቷል። በድሬ ሙቀት የቢሮ ምሳ መቼ እንደሚያልቅ ታውቂያለሽ። ሲመጣ ደግሞ «ሊንኩስ?» አቦ፣ መጀመሪያውኑ አትናገርም? ለካ ሌባው የአክስቴን ልጅ ብሎክ አድርጓት ኖሯል፤ ብትፈልገው የለም። ሰውየው ይባስ ብሎ «አንቺስ ፎቶሽን ምን ብለሽ ትለጥፊያለሽ?» አላት። ይህቺን እስካሁን አልረሳሁለትም። የተሰረቀው ሰው ነው የሚገሠጸው?

እኔም ዝም አላልኩም። በር ላይ የቆመ ልጅ ስልኩን አዋሰኝ። ብሎክ ያልተደረገ ሰው ያየዋላ! ፕሮፋይሉ ላይ ሦስቷን ነጥብ ነክቼ ሊንኩን ኮፒ አደረግኩ። ማመልከቻው ላይም «የኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ ቁጥር 958/2008፣ አንቀጽ 11» ብዬ ጻፍኩ፤ የኤሌክትሮኒክ ማንነት ስርቆት የሚለው ነው። ሰውየው አነበበውና «ተቀመጡ» አለን። እስከዚያ ቆመን ነበር እኮ!

3. ዋናውን ልዘነጋው ነበር። ሌባው ብር የላከለትን አጎቴን ከየት አገኘው? ከአክስቴ ልጅ የጓደኞች ዝርዝር ነዋ፣ ለዓለም ክፍት ነበር። እህትሽም ሴቲንግ ገብታ የጓደኞቿን ዝርዝር «እኔ ብቻ» እንዲያየው ታድርገው። የጋራ ጓደኛ ግን ያው ይታያል። ቴሌግራም ላይም ስልክ ቁጥሯን ማንም እንዳያየው ትዝጋው፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም ታብራው።

ብር የላከ ዘመድ ካለ ዛሬውኑ ደውይለት፣ የቴሌብሩን መልእክት እንዳይሰርዝ። የተላከበት ቁጥር እዚያ ላይ አለ። የአጎቴ ሚስት «ሰው ካየው ይስቅብናል» ብላ ከባሏ ስልክ ላይ አጥፍታው ስንት አሯሯጠችን።