ብረቱን መቼ ልንካው?

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፤

የ27 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ነዋሪነቴ ጎንደር ነው። ክብደት ማንሳት ከጀመርሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ በጎረቤት ግቢ፣ በወተት ዱቄት ጣሳ ሲሚንቶ ሞልተን በብረት ዘንግ እያገጣጠምን ነበር የምናነሳው።

ባለፈው ዓመት በቀኝ ብሽሽቴ ሎሚ የምታህል እብጠት ወጣች። ስተኛ ትገባለች፣ ስቆም ትወጣለች። ንፍፊት መስላኝ ዝም አልሁ። እናቴ ወጌሻ ዘንድ ወስዳ አሳሸችኝ። ቡአ መሆኑን ካወቅሁ በኋላም አፍሬ፣ ወገቤን በቀበቶ ጠፍንጌ ማንሳቴን ቀጠልሁ። በመጨረሻ ሕመሙ ሲብስ ከአምስት ሳምንት በፊት ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ፤ የሳሳውን ቦታ የሚደግፍ መረብም ገብቶልኛል።

ስወጣ የተነገረኝ «ከባድ ነገር እንዳታነሳ» የሚል ብቻ ነው። ከባድ ስንት ኪሎ ነው? እስከ መቼ? ከስፌቱ ሥር እንደ ገመድ የደደረ ነገር አለ፤ ከበታቹ ያለው ቆዳም ደንዝዟል። መረቡ ይቀደዳል ብዬ እሰጋለሁ። እናቴ «ዳግመኛ ብረት ብትነካ አላይህም» ትላለች። እባክዎ ይምከሩኝ።

ወንድሜ፤

ከደብዳቤህ ይበልጥ ያስጨነቀኝ ቀበቶው ነው። ቡአ ማለት አንጀት በሳሳ የሆድ ግድግዳ ሾልኮ ሲወጣ ነው፤ ነውር አይደለም። በብሽሽት በኩል የሆድ ግድግዳ በተፈጥሮው የሳሳ ነው፤ ወንድ ልጅ ከመወለዱ በፊት የዘር ፍሬው ከሆድ ወደ ታች የሚወርደው በዚያ መንገድ ነውና። ከአራት ወንዶች አንዱ ገደማ በዕድሜ ዘመኑ ይይዘዋል፤ ብረት ነክቶ የማያውቀውም ጭምር።

ከባድ ስንት ነው አልኸኝ። ቤታችሁ ያለው ቢጫ ጀሪካን 20 ሊትር ነው፤ ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። ባዶው የውድድር ዘንግም 20 ኪሎ ነው። እንግዲህ ውኃ የመጣ ቀን ጀሪካን ስታመላልስ ከዋልህ፣ ብረት ባትነካም ክብደት ስታነሳ ዋልህ ማለት ነው። ለጊዜው ግማሽ እየሞላህ ያዝ። ከባድ ሸክም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መተው የተለመደ ምክር ነው፤ አንተ አምስተኛው ላይ ስለሆንህ ቀዶ ሐኪምህ ቆመህም ስታስልም አይቶ ይፍቀድልህ።

ጠንካራ ሳል በሆድ ውስጥ የሚፈጥረው ግፊት ቀላል ክብደት ከማንሳት ይበልጣል። ሽንት ቤት ተቀምጦ ማማጥም ጉዳት አለው። ስለዚህ ተልባ ጠጣ፣ ጎመንና ውኃ አብዛ፤ ሳል ካለብህ ታከም፣ ስታስልም ቁስሉን በመዳፍህ ደግፈው።

የደደረው ነገር ቁስሉ ሲጠግግ የሚፈጠር ነው፤ በወራት ውስጥ እየለሰለሰ ይሄዳል። ድንዛዜውም ብዙ ሰው ላይ ይታያል። መረቡን እንደ ጨርቅ ጥፍ አትየው፤ ሥጋህ በመረቡ ቀዳዳዎች መካከል እየበቀለ ያቅፈዋል፤ ጊዜ የሚፈልገው ይህ ነው። ሕመሙ ከሦስት ወር በኋላም ካልለቀቀህ ግን ተመልሰህ ታይ።

እስከዚያው ማለዳ ወደ ጎሃ የሚያወጣውን ዳገት ቀስ እያልህ ውጣ። ሲፈቀድልህ በባዶ ዘንግ ጀምር፤ ስኳቱን፣ ማለትም ዘንግ ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳቱን፣ እና ከመሬት የሚነሳውን ለኋላ አቆያቸው። ትንፋሽህን አምቀህ አትግፋ፤ ስታነሳ አስወጣው። ኪሎ ከመጨመርህ በፊት በማግስቱ ከአልጋህ ስትነሳ ብሽሽትህን አዳምጥ፤ ካመመህ ወደ ቀድሞው ኪሎ ተመለስ።

አንድ ነገር በጥብቅ ልንገርህ። እብጠት ተመልሶ ወጥቶ አልገባ ካለ፣ ከጠነከረና ካሳመመህ፣ ማስታወክ ከተጨመረበት፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂድ። የተያዘ አንጀት ደም ይቋረጥበታል፤ ለወጌሻ እጅ የሚሆን ጊዜ የለም። ያን ጊዜም ወጌሻው ሲያሽህ አንጀትህ አለመያዙ ዕድልህ ነው።

ለቀጠሮው እናትህን ይዘሃቸው ሂድ። የተፈቀደልህንና የተከለከልኸውን ከሐኪሙ አፍ ይስሙት፤ አንተ ብትነግራቸው አያምኑህም።