የሰው ጓዳ ሳያንኳኩ አይገባም

ልጆቼ፣

ፒኤችፒ በሚባለው የዌብሳይት መሥሪያ ቋንቋ ኮድ መጻፍ ስጀምር ቋንቋው ገና ኔምስፔስ (ስሞች እንዳይጋጩ በየቡድኑ የሚለይ ዘዴ) አልነበረውም። የምንጠቀምባቸው ፈንክሽኖች (በስም የሚጠሩ የኮድ ቁራጮች) በሙሉ አንድ ግዙፍ ፋይል ውስጥ ታጭቀው ነበር። እያንዳንዱ ገጽ እሱን «ኢንክሉድ» ያደርጋል። ሁለታችን ሳንነጋገር ለፈንክሽን አንድ አይነት ስም ከሰጠን ገጹ ቀጥ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2009 ፒኤችፒ 5.3 ከነኔምስፔሱ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ኮምፖዘር የሚባል መሣሪያ ተጨመረ፤ ክላሶቹ (ዳታና ፈንክሽን አብረው የያዙ የኮድ ክፍሎች) የት ፎልደር እንዳሉ አንዴ ከነገርነው ራሱ ፈልጎ ያመጣልን ጀመር። እፎይ አልን። እኔም ሞጁል (የራሱ ሥራ ያለው የሲስተም ክፍል) የሚባለው ነገር በዚሁ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

አለማለቁን ያወቅኩት አንድ የሽያጭ ሲስተም ላይ ስሠራ ነው። ፎልደሮቹ ሲታዩ ያምራሉ፤ ትዕዛዝ፣ ክፍያ፣ ደረሰኝ፣ ሪፖርት፣ ሁሉም በየቦታው። የትዕዛዝ ቴብል (የዳታቤዝ ሠንጠረዥ) ላይ «ስታተስ» የሚል ኮለም ነበር። የሚይዘው ቁጥር ነው። 2 ማለት «ተከፍሏል» መሆኑን ማን ያስታውሳል ብዬ ወደ ቃል ቀየርኩት። የትዕዛዝን ኮድ ከላይ እስከ ታች አስተካከልኩ። ቴስቱ አለፈ። ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን የሂሳብ ሠራተኛዋ መጣችና «የከፈሉ ሰዎች ደረሰኝ አልደረሳቸውም» አለችኝ። የደረሰኝ ፎልደር ውስጥ ገብቼ ስፈልግ የትዕዛዝን ቴብል በቀጥታ የሚያነብ አንድ ኩዌሪ (ለዳታቤዝ የሚላክ ጥያቄ) አገኘሁ። «ስታተሱ 2 የሆነውን አምጣ» ይላል። ዳታቤዙ ስህተት ብሎ አልጮኸም። 2 የሚባል ስለሌለ ባዶ መልስ ሲሰጥ ሦስት ቀን ቆየ።

ያን ኩዌሪ የጻፈው ልጅ ክፉ አላሰበም። ቸኩሎ ነበር፤ ቴብሉ ደግሞ እዚያው አጠገቡ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሞጁልን የማየው እንደ ቤት ነው። ቤት በር አለው፣ ጓዳም አለው። ቴብሎቹ፣ ኮለሞቹ፣ የውስጥ ክላሶቹ ጓዳው ናቸው። ደረሰኝ የተከፈሉ ትዕዛዞችን ከፈለገ የትዕዛዝን በር ያንኳኳል፤ በሩ ላይ «የተከፈሉትን ስጠኝ» የሚል አንድ ኢንተርፌስ (ለውጪ ጠሪ የተፈቀደ መጠየቂያ) አለ። 2 ይሁን ቃል ይሁን የትዕዛዝ የራሱ ጉዳይ ነው። ያኔ እንዲህ ብንሠራው ኖሮ ኮለሙን የቀየርኩ ቀን ደረሰኝ ምንም አይሰማውም ነበር።

በሩ ላይ የምትሰጡት ነገርም ያሳስበኛል። ላራቬል በሚባለው የፒኤችፒ ፍሬምወርክ (ዝግጁ የኮድ ማዕቀፍ) ላይ የምትሠሩ ልጆች የትዕዛዝን ሞዴል (ከቴብሉ ጋር የተያያዘውን ክላስ) እንዳለ ለሌላው ሞጁል ታቀብሉታላችሁ። ይሄ የጓዳውን ቁልፍ መስጠት ነው። ተቀባዩ ከትዕዛዙ ወደ ደንበኛው፣ ከደንበኛው ወደ አድራሻው፣ ከአድራሻው ወደ ሌላ ቴብል በቀስት ምልክት (->) እየተንጠላጠለ ይሄዳል። «ሴቭ» ብሎ መጻፍም ይችላል። በምትኩ የሚያስፈልገውን ብቻ የያዘች ትንሽ ክላስ ስጡት፦ የትዕዛዝ ቁጥር፣ የገንዘብ መጠን፣ ቀን። በቃ።

ዋጋ የለውም አልላችሁም። በአንድ ጆይን (ቴብሎችን አጣምሮ በሚያነብ ኩዌሪ) የሚያልቀው ነገር ሁለት ኩዌሪ ይሆናል። ሪፖርት ሞጁልማ ከሁሉም ቤት ዳታ ስለሚፈልግ ትንሽ ያስቸግራል። እኔ የማደርገው ትዕዛዝ ሲከፈል ኢቨንት («ይህ ሆኗል» የሚል መልእክት) እንዲልክና ሪፖርት የራሱን ቴብል እንዲሞላ ነው። ዳታው ተደገመ ብላችሁ አትደንግጡ። ድግግሞሹ ከዚያ ከሦስት ቀኑ ዝምታ ይሻለኛል።

የት ላይ ልክፈለው ለምትሉኝ፣ ኮንትሮለሩን (ከተጠቃሚ የሚመጣውን ጥያቄ የሚቀበለውን ኮድ) ሁሉ አንድ ፎልደር፣ ሞዴሉን ሁሉ ሌላ ፎልደር ማድረግ ሞጁል አይባልም። አንድ ነገር ለመለወጥ አምስት ፎልደር ታዞራላችሁ። ለውጡን የሚጠይቀው ማን እንደሆነ እዩ። ደረሰኝ የሚለወጠው ሂሳብ ክፍሉ ሲፈልግ ነው፤ ክፍያ የሚለወጠው ባንኩ አሠራሩን ሲቀይር ነው። እነዚህ ሁለት ቤት ናቸው። «የጋራ» የምትሉትን ፎልደር ደግሞ አደራ። ባለቤት የሌለው ነገር ሁሉ እዚያ ይከማቻል።

ፍሬምወርኩ ይህን ይወስንልኛል ብላችሁም አትጠብቁ። ሲምፎኒ የሚባለው ሌላ ፍሬምወርክ ድሮ የአፕሊኬሽናችሁን ኮድ በ«በንድል» (የፍሬምወርኩ የኮድ ጥቅል) አደራጁ ይል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው 4ኛው ቨርዥን ጀምሮ ግን ለራሳችሁ ኮድ በንድል አትሥሩ ማለት ጀመረ። ፒኤችፒም ራሱ አጥር የለውም። ከውጪ አትንኩ የሚለው «ፕራይቬት» የሚሠራው ክላስ ውስጥ ነው፤ አንድን ክላስ ለሞጁሉ ብቻ የሚደብቅ ቃል ቋንቋው ውስጥ የለም። ስለዚህ ማን ማንን መጥራት እንደሚችል ጽፋችሁ እንደ ዴፕትራክ ባለ መሣሪያ አስፈትሹ። ኮድ በተላከ ቁጥር ይፈትሽ። የመጨረሻው ሰዓት ላይ የቸኮለውን ልጅ የሚያስቆመው እሱ ነው።

ያረጀ ሲስተም ከወረሳችሁ ሁሉንም ባንድ ጊዜ አትነካኩት። አንድ ቴብል ምረጡ። ስሙን ኮዱ ውስጥ በሙሉ ፈልጉና ከራሱ ፎልደር ውጪ ስንት ቦታ እንደሚጠራ ቁጠሩ። የእኔ የትዕዛዝ ቴብል አሥራ አራት ቦታ ነበር። በሳምንት አንድ ሁለቱን ወደ በሩ እያዞርኩ ጨረስኩት። የመጨረሻውን ኩዌሪ ያጠፋሁት የሂሳብ ሠራተኛዋ አጠገቤ ቁጭ ብላ ደረሰኙ መውጣቱን እያየች ነው።