ቤቱን ከመሸጣችሁ በፊት ሲቲ ይነሳ

እህቴ፣ «አባቴ 63 ዓመቱ ነው። ለግፊቱ ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ሲነሳ አኦርታው 4.6 ሴንቲ ሜትር ሰፍቷል አሉት። ቤት ሸጠን ህንድ እንውሰደው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን የራሴ አኦርታ ሰፍቷል ከተባልኩ ስድስት ዓመት አለፈኝ። ያኔ እኔም መሬቴን ልሸጥ ደላላ ጠርቼ ነበር።

አኦርታ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ ነው። ልብ አጠገብ ያለው ክፍሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ሲሰፋ የሚፈራው ግድግዳው እንዳይቀደድ ነው። ቢሆንም 4.6 ማለት ነገ ይፈነዳል ማለት አይደለም። ለዚህኛው ክፍል ሐኪሞች ስለ ኦፕራሲዮን የሚያወሩት በአብዛኛው 5.5 ሲደርስ ነው። እንደ ማርፋን ያለ በዘር የሚመጣ ችግር ካለ፣ ከቤተሰብ አኦርታው የተቀደደ ሰው ከነበረ፣ ወይም በአንድ ዓመት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ከጨመረ ግን ቀደም ይላሉ።

የእኔ የመጀመሪያ ኤኮ 4.9 አለ። እንቅልፍ አጣሁ። ሌላ ሐኪም ጋ ስሄድ ወረቀቱን አየት አደረገና «ምስሉስ?» አለኝ። ምስል የሚባል አልሰጡኝም። ኩላሊቴን በደም ምርመራ አይቶ ሲቲ ስካን በኮንትራስት (በደም ሥር በሚሰጥ ማቅለሚያ) አዘዘልኝ። ውጤቱ 4.4! ካሮት ቀጥ አድርገሽ ስትቆርጪው ክብ ይወጣል፤ ሰያፍ ስትቆርጪው ይረዝማል። ቧንቧውም ሰያፍ ከተለካ ያለ ልኩ ሰፊ ይመስላል። መሬቴን ያተረፈልኝ ያ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሲቲ ይነሳ። ምስሉ ያለበትን ሲዲ ሳትቀበሉ አትውጡ። ከስድስት ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ፣ ሐኪሙ በሚለው ቀን፣ ያው ቦታ በዚያው ዓይነት ምርመራ ይለካ። አዲሱ ምስል ከአሮጌው ጎን ተቀምጦ ካልታየ ማደጉን በምን ታውቃላችሁ? ከልብ ወደ አኦርታ ደም የሚያሳልፈው በር (ቫልቩ) ባለ ሦስት ክፍል ነው ባለ ሁለት ብለሽም ጠይቂ። ሲወለዱ ባለ ሁለት የሆነባቸው ሰዎች አኦርታቸው የመስፋት ዕድሉ ከፍ ይላል። እናንተ ልጆቹና ወንድም እህቶቹም አንድ ጊዜ ኤኮ ብትታዩ ጥሩ ነው።

ግፊቱ ከ130 በ80 በታች ይሁን ይባላል። የእኔ ግፊት ክሊኒክ ሲለካ ሸጋ ነበር፣ ቤት ጠዋት ጠዋት ግን 150 ይገባ ነበር። መለኪያ ገዝቼ ነው የነቃሁት። ጨው ቀነስኩ፤ ጫትና ሲጋራ ጨርሶ ቀረ። ኩንታል አልሸከምም። ለፋሲካ በግ የሚጎትተው ልጄ ነው፣ እኔ ዋጋ እከራከራለሁ።

አንድ ነገር አደራ። ተቅማጥ ሲይዘን ፋርማሲ ገብተን «ሲፕሮ ስጪኝ» ማለት ለምዶብናል። ለአባትሽ እንዲህ አይገዛ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን) የተባለው አንቲባዮቲክና ዘመዶቹ አኦርታው ለሰፋ ሰው የመቀደድ አደጋ ሊጨምሩ ስለሚችሉ፣ ሌላ አማራጭ ካልጠፋ በቀር አይሰጡ ብሎ አስጠንቅቋል። ሌላ መድኃኒት አለ፤ ሐኪሙ ይምረጥ።

ድንገት ደረቱን ወይም ጀርባውን የሚቀድ የሚመስል ህመም ከያዘው፣ ራሱን ከሳተ፣ እጅ ወይም እግሩ ከዛለ፣ ጨጓራ ነው ብላችሁ ወተት አታጠጡት። ወዲያው ሆስፒታል! ገና በሩ ላይ «አኦርታው ሰፊ ነው» በሉ። የልብ ደም ሥር የተዘጋበት መስሏቸው ደም ማቅጠኛ ቢሰጡት ሊጎዳው ይችላልና። እኔ ይህንኑ በወረቀት ጽፌ ከመታወቂያዬ ጋር በላስቲክ አሽጌ ኪሴ ውስጥ ይዣለሁ።