የሞተ ሙያ አይደለም

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የሦስተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነሽ። የመመረቂያ ጥናትሽን በፕላቲነም ቤተሰብ ብረቶች ላይ መሥራት ትፈልጊያለሽ። የትምህርት ክፍያሽን የሚሸፍነው ታላቅ ወንድምሽ ግን «መኪናው ሁሉ ኤሌክትሪክ እየሆነ ነው፤ የሞተ ሙያ አትማሪ፤ ወደ አካውንቲንግ ቀይሪ» ይልሻል። የሒሳብ ውጤትሽና የኬሚካሎቹ አደገኛነትም አሳስቦሻል።

የወንድምሽ ስጋት ከመሬት የተነሳ አይደለም። ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም በብዛት የሚፈለጉት የመኪና ጭስ ለማጣራት ነው። መርዛማውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጡታል። በባትሪ ብቻ የሚሄድ መኪና ጭስ ስለሌለው አያስፈልጉትም።

ይሁን እንጂ አንዱ ገበያ ቀዘቀዘ ተብሎ ሙያው ሞተ አይባልም። ሲስፕላቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት መሀሉ ላይ ያለው ፕላቲነም ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1978 እ.ኤ.አ. ነበር። የ2010 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል የተሰጠው ካርቦንን ከካርቦን በፓላዲየም ለማያያዝ ዘዴ ላገኙ ሦስት ሰዎች ነው፤ መድኃኒት አምራቾች ዛሬም ይሠሩበታል። ውሃን በኤሌክትሪክ ከፍሎ ሃይድሮጅን ለማውጣት ደግሞ አንዱ ዋና ቴክኖሎጂ ያለ ኢሪዲየም አይሆንለትም። ኢሪዲየም የዚሁ የፕላቲነም ቤተሰብ ብረት ነው፤ እንደ ልብ የሚገኝ ግን አይደለም።

እኔ ወደ ምክር ሥራ የመጣሁት ከማዕድን መመርመሪያ ላብራቶሪ ነው። አንድ ቶን ድንጋይ ውስጥ ጥቂት ግራም ብቻ ነው የምንፈልገው። የተፈጨውን ድንጋይ ከእርሳስ ኦክሳይድና ከሌሎች ዱቄቶች ጋር እናቀልጠዋለን። እርሳሱ የከበሩትን ብረቶች ሰብስቦ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ ቀዳዳ በበዛበት ትንሽ ጽዋ ውስጥ እናሞቀዋለን፤ እርሳሱን ጽዋው ይመጠዋል፣ በመጨረሻ የምትቀረው የስፌት መርፌ ራስ የምታክል እንክብል ናት። እሷን በአሲድ አሟሙቶ በትክክል መለካት የሚችል ሰው ወርቅም፣ የውሃ ብክለትም፣ መድኃኒትም ይለካል። ስለዚህ አዲስ ውህድ ከመፍጠር ይልቅ ካገለገለ የመኪና ማጣሪያ ፓላዲየም መልሶ ስለማውጣትና ስለመለካት አጥኚ እልሻለሁ። ይህን የሚችል ሰው ሥራ ፍለጋ ሲወጣ እጁ ባዶ አይሆንም።

ለወንድምሽ ፊት ለፊት ንገሪው። አሁን ብትቀይሪ አካውንቲንግን ከታች ጀምረሽ ነው የምትማሪው፤ ተጨማሪዎቹን ዓመታት የሚከፍለው ደግሞ እሱ ነው። ለመክፈሉ ምስጋና ይገባዋል። ክፍያው ግን የዕድሜ ልክ ሥራሽን የመምረጥ መብት አይሰጠውም።

ሒሳቡን በተመለከተ፣ ለዚህ ሥራ በጣም የሚያስፈልግሽ ስታትስቲክስ ነው፤ እሱን አጥብቀሽ ያዢ። ስለ አደጋው ደግሞ፣ ከዚሁ ቤተሰብ የሆነው ኦስሚየም ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ የሚፈጥረው ኦስሚየም ቴትሮክሳይድ ትነቱ ዓይን ስለሚጎዳ ለመመረቂያ ኦስሚየምን ተዪው።

ርዕስሽን ከማስመዝገብሽ በፊት አማካሪ መምህርሽን አንድ ነገር ጠይቂ፦ ዲፓርትመንቱ ያለውን የመለኪያ መሣሪያ ራስሽ ትነኪዋለሽ ወይስ ናሙናሽን ለቴክኒሻን ሰጥተሽ ውጤት ትጠብቂያለሽ? መልሱ ሁለተኛው ከሆነ ራስሽ የምትለኪበት ሌላ ላብራቶሪ እንዲፈልጉልሽ አሁኑኑ ጠይቂ።