የራስን ቋንቋ መሥራት፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ለልቦለድ፣ ለጨዋታ ወይም እንዲሁ ለፍቅሩ ቋንቋ የሚፈጥሩ ሰዎች ያቀረቧቸው ጥያቄዎች ናቸው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ከደሴ፣ ሙጋድ ሰፈር፦ ጋሼ፣ ለልቦለዴ ሦስት መቶ ቃል ፈጥሬያለሁ። ዓረፍተ ነገር ስሠራ ግን አማርኛ አማርኛ ይለኛል። ምን አጠፋሁ?

ከቃል ጀመርክ፣ ጥፋቱ ይኸው ነው። ቃሉን ለውጠህ ግሱን መጨረሻ ላይ ከተውከው፣ «የ»ንም ከስሙ ፊት ከለጠፍከው፣ አማርኛ ልብስ ቀየረ እንጂ አዲስ ቋንቋ አልተወለደም። እነዚህን አራት ዓረፍተ ነገሮች ወደ ቋንቋህ መልሳቸው፦ «ራበኝ»፣ «መጽሐፍ አለኝ»፣ «እናቴ የጋገረችውን በላሁ»፣ «ካልመጣህ እሄዳለሁ»። «ራበኝ» ስንል ተራቢው ሰው የግሱ ባለቤት አይደለም፤ «ኝ» ሆኖ እንደ ተሳቢ ከኋላ ይንጠለጠላል። «አለኝ»ም መያዝን በመኖር ነው የሚገልጸው። ያንተም ቋንቋ እነዚህን በዚሁ መንገድ ካለ፣ ሳታስበው ቀድተሃል ማለት ነው። ሌላ መንገድ ፈልግ፦ «ረሃብ ያዝኩ»፣ «ረሃብ በእኔ ላይ ነው»፣ «መጽሐፍ ከእኔ ጋር ቆሟል»።

ቅደም ተከተሉ ድምፅ፣ ቀለም (በአንድ ጊዜ ከአፍ የሚወጣው የቃል ቁራጭ)፣ የዓረፍተ ነገር አሰላለፍ፣ ቅጥያ፣ በመጨረሻ ቃል ነው። ሦስት መቶውን ቃል አትጣለው፤ አዲሱን የድምፅ ሕግ የሚያልፈውን ታስቀራለህ።

ከኮምቦልቻ፦ ስንት ድምፅ ይበቃል? አርባ ተናባቢ መርጫለሁ።

ይበዛል። አማርኛ በ30 ገደማ ተናባቢና በ7 አናባቢ ይሠራል፤ ሃዋይኛ ደግሞ 8 ተናባቢ በቅቶታል። ሒሳቡን ተመልከት፦ 14 ተናባቢና 5 አናባቢ፣ እያንዳንዱ ቀለም አንድ ተናባቢና አንድ አናባቢ ቢሆን፣ 70 ቀለም አለህ፤ ከነሱም 4,900 ባለ ሁለት ቀለም ቃል ይወጣል። ቀለሙ በን፣ በር ወይም በስ መዘጋት ይችላል ብትል 280 ቀለም፣ 78,400 ቃል ይሆናል። አርባ ተናባቢ ምን ይሠራልሃል?

ድምፅ ስትመርጥ በረድፍ ምረጥ። የእኛ ረድፍ ት-ድ-ጥ፣ ክ-ግ-ቅ፣ ች-ጅ-ጭ እያለ ይሄዳል። ብ፣ ድ፣ ግ፣ ጅን አንድ ላይ ብትጥል ቋንቋው ወዲያው የራሱ ቃና ይኖረዋል። አንዱን ከዚህ አንዱን ከዚያ ብትነቅል ግን ጥርሱ የረገፈ ነው የሚመስለው።

እሱው ጠያቂ፦ ባዕድ እንዲመስል ጥ፣ ቅ እና ጵ ብቻ ባበዛስ?

ለፈረንጅ ባዕድ ነው፤ ለእኛ ቤታችን ነው። ፖል ፍሮመር ለአቫታር ፊልም በሠራው የናቪ ቋንቋ ውስጥ እነዚሁ ሦስት ድምፆች አሉ፤ ብዙ የውጭ ሰው ሲታገልባቸው እኛ ሳንለማመድ እናወጣቸዋለን። ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ እንግዳ የሚሆን ነገር ከፈለግህ እስከ ከሚሴ ብቻ ሂድ። የኦሮምኛው ዸ ትንፋሽን ወደ ውስጥ እየሳበ ይወጣል። አናባቢውም በርዝመት ትርጉም ይለያል፦ «ለፈ» መሬት ነው፣ «ላፋ» ለስላሳ። አማርኛ አናባቢን በማርዘም ትርጉም አይለይም፤ የሚለየው ተናባቢን በማጥበቅ ነው።

ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፦ በፊደላችን ልጻፈው ወይስ አዲስ ፊደል ልፍጠር?

እህቴ፣ መጀመሪያ በፊደላችን ጻፊው፤ ግን አራት ወጥመድ አለበት። ብዙው ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

አንደኛው ሳድስ ነው። «ትምህርት» ስንል ት እና ህ አናባቢ አላቸው፤ ም፣ ር እና የመጨረሻው ት የላቸውም። ይህን የምናውቀው ቃሉን ስለምናውቀው እንጂ ፊደሉ ስለነገረን አይደለም። አንቺ የፈጠርሽውን «ስክር» ግን አንባቢሽ በምን ያውቀዋል? ቀላሉ መፍትሔ የሳድስን አናባቢ ከቋንቋሽ ማውጣት ነው፤ ያኔ ሳድስ የተጻፈበት ሁሉ አናባቢ የለውም።

ሁለተኛው መጥበቅና መላላት ነው። «ገና» ላልቶ ሌላ፣ ጠብቆ በዓል ነው፤ «ዋና»ም እንዲሁ። ጽሑፋችን አያሳየውም። ወይ መጥበቅን ከነጭራሹ ተዪው፣ ወይ ሳድሱን ደርቢና «ገንና» ብለሽ ጻፊ።

ሦስተኛው ሞክሼ ፊደላት ናቸው፦ ከሀ፣ ሐ፣ ኀ አንዱን፣ ከሰና ሠ አንዱን፣ ከአና ዐ፣ ከጸና ፀ እንዲሁ አንድ አንድ ያዢ። አራተኛው፣ አ በግእዝም በራብዕም አንድ ዓይነት ስለሚነበብ ለመጀመሪያው አናባቢ ኧን ተጠቀሚ።

ፊደል መዋስ ነውር እንዳይመስልሽ። የወሎ ሼሆች አማርኛ መንዙማን በዐረብ ፊደል፣ በዐጀም፣ ሲጽፉ ኖረዋል። የዐረብኛው አጭር አናባቢ ምልክት ሦስት ብቻ፣ የአማርኛው አናባቢ ሰባት መሆኑ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ገምቺ።

ከደሴ፣ ፒያሳ፦ እንደ «ሰበረ» ከሥር ቃላት ማውጣት እችላለሁ?

ትችላለህ። ስ-ብ-ር ከሚለው ብቻ ሰበረ፣ ሰባሪ፣ ሰባራ፣ ስብራት፣ ተሰበረ፣ ሰባበረ እናወጣለን። በ14 ተናባቢ ሳትደጋግም 2,184 ባለ ሦስት ተናባቢ ሥር ይኖርሃል። የሚበላሸው ሁሉም ሥር እኩል ጤነኛ ሲሆን ነው፤ የማሽን ሥራ ይመስላል። በእኛ «ቆመ» ውስጥ ው ተውጧል፤ የግእዙ «ሰምዐ» በአማርኛ «ሰማ» ሆኖ አንድ ድምፅ ጎድሎበታል። አንተም አንዱን ተናባቢ ደካማ አድርገው፤ በሁለት አናባቢ መካከል ይጥፋ።

ሁሉ ነገር ሕግ ጠባቂ ሆነብኝ። ያፈነገጠ ነገር እንዴት ላምጣ?

በዘፈቀደ አታምጣ፤ በድምፅ ለውጥ አምጣው። «ቶኪ» ዛፍ፣ «ቶኪሮ» ዛፎች ይሁን። ሁለት ሕግ አውጣ፦ (ሀ) ክ ከኢ በፊት ች ይሆናል፤ (ለ) የቃል መጨረሻ አናባቢ ይወድቃል። (ሀ) ከቀደመ «ቶች» እና «ቶቺር» ታገኛለህ፤ ሁለቱም ላይ ች ስላለ ወጥ ነው። (ለ) ከቀደመ ግን «ቶክ» እና «ቶቺር» ይወጣሉ፤ ነጠላውና ብዙው ተለያዩ። ልጅ ሊሸመድደው የሚገባ ያፈነገጠ ቃል ማለት ይኼ ነው። ለውጡ ራሱ ለእኛ አዲስ አይደለም፦ ሂድ ሂጂ፣ ቁረጥ ቁረጪ፣ ጨርስ ጨርሺ፣ ለምን ለምኚ።

«አንቱ» ያስፈልገዋል?

ግዴታ የለም። ካስገባህ ምንጩን ወስን። የእኛው ከብዙ ቁጥር ጋር ይጋራል፤ «እሳቸው መጡ»ም «እነሱ መጡ»ም ግሱ አንድ ነው።

ኤስፔራንቶም «ን» አለው ሲሉ ሰማሁ። እንደ እኛው ነው?

ግጥምጥሞሽ ነው፤ ግን ደስ ይላል። የዓይን ሐኪሙ ዛመንሆፍ እ.ኤ.አ. በ1887 ራሱ ፈጥሮ ባወጣው በዚህ ቋንቋ ስም ሁሉ በ«ኦ» ያልቃል፣ ተሳቢው ላይ «ን» ይጨመራል። «ላ ሁንዶ ሞርዳስ ላ ካቶን» ማለት ውሻው ድመቱን ይነክሳል ነው፤ «ላ ካቶን ሞርዳስ ላ ሁንዶ» ብትለውም ነካሹ ውሻው ነው። የእኛ «ን» ግን መራጭ ነው፦ «ውሃ ጠጣ» ላይ አይገባም፣ «ውሃውን ጠጣ» ላይ ይገባል። የእነሱ ያልታወቀውም ስም ላይ ይገባል፤ ውሃ «አክቮ» ነው፣ የሚጠጣው ውሃ «አክቮን»። የአማርኛ ተናጋሪ ኤስፔራንቶ ሲጀምር «ን»ን የሚረሳው እዚሁ ላይ ነው።