ችግሩ ካልሲው ሳይሆን መቀመጫው ነው

ጥያቄው የመጣው የቀኝ ዳሌያቸው በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ከተተካ 5 ሳምንት ከሆናቸው አንባቢ ነው። የተቀደዱት ከኋላ በኩል ነው። በክራንች ሲራመዱ ደህና ናቸው። ካልሲ ሲያጠልቁ ግን ብሽሽታቸው ላይ ቆንጠጥ ያደርጋቸዋል፤ ካልሲውም ተረከዝ ላይ ሲደርስ እምቢ ይላል። ሱሪ ደግሞ ግድግዳ ተደግፈው፣ ቆመው ነው የሚለብሱት። “ተቀምጬ ከምታገል ቆሜ ይቀለኛል” ይላሉ። የሚቀመጡት ሶፋ ላይ ሲሆን ልጃቸው ሁለት ትራስ ደርቦላቸዋል። የካልሲ ማጥለቂያው (ሳይጎነበሱ ካልሲ የሚያጠልቁበት፣ በገመድ የሚሳብ የፕላስቲክ መሣሪያ) ገመድ ተበጥሶም በሽቦ ታስሯል።

ሥራዬ ሰው ከቀዶ ጥገና በኋላ ራሱን ችሎ እንዲለብስ ማለማመድ ነው። ጥያቄዎን አንብቤ ሳልጨርስ የጠረጠርኩት ሶፋውን ነው። አንድ እግሩ ያልጠና ሰው መቆም ከመቀመጥ ቀለለኝ ካለ፣ መቀመጫው ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ሲራመዱ ምንም ሳይሰማዎት ተቀምጠው ካልሲ ሲያጠልቁ ብቻ መቆንጠጡም ወደዚያው ይመራኛል። ለማንኛውም ስለ መቆንጠጡ ለሐኪምዎ ዛሬውኑ ይደውሉ። ይህ የኔ ግምት ነው፤ እሱ ግን ምን እንደሠራ ያውቃል።

ትራስ መደረብ መፍትሔ አይደለም። ሲያዩት ከፍ ይላል፣ ሲቀመጡበት ይሰምጣል። በዚያ ላይ ይንሸራተታል። እባክዎ ትራሶቹን ያንሷቸው። ጠንካራ መቀመጫና የእጅ መደገፊያ ያለው፣ ጎማ የሌለው ወንበር ይፈልጉ። ጫማ አድርገው ይቁሙና ልጅዎ ከወለሉ እስከ ጉልበትዎ ጀርባ እጥፋት ድረስ በሜትር ይለካልዎ። መቀመጫው ከዚያ ልኬት በ5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ እግርዎ ግን ሙሉ በሙሉ ወለሉን መርገጥ አለበት። የሚለካው እርስዎ ተቀምጠውበት ነው እንጂ ባዶውን አይደለም። ወንበሩ ካጠረ አራቱንም እግሮች የሚያስቀምጡ፣ መሃላቸው የተቦረቦረ የእንጨት መደቦች ይሥሩለት። ጡብ አያስቀምጡ። ጡብ ላይ የቆመ ወንበር ሰው ለመነሳት ሲገፋው ይወርዳል።

አሁን ዳሌው ለተተካ ሰው ስለሚነገረው የ90 ዲግሪ ክልከላ ልናገር፤ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። “ከ90 በላይ አትታጠፍ” የሚባል ሰው ሁሉ ጉልበትህን ወደ ላይ አታንሳ የተባለ ይመስለዋል። ግማሹን ነው የሰማው። ማዕዘኑ የሚለካው በጭንና በላይኛው አካል መካከል ነው። ጉልበትዎን ወደ ደረትዎ ቢያመጡት፣ ወይም ደረትዎን ወደ ጉልበትዎ ቢያወርዱት፣ ለዳሌው ያው ነው። መደበኛ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ሲቀመጡ እኮ 90ው ሞልቷል! ከዚያ በኋላ ለካልሲ ጣት ታህል እንኳ ቢጎነበሱ ትርፍ ነው። ከፍ ያለ መቀመጫ ጭንዎን ወደ ታች ስለሚያዘቀዝቀው ጥቂት ዲግሪ ይመልስልዎታል። ሶፋው ደግሞ ገና ሳይጎነበሱ በልቶብዎታል።

ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። ሰው ሠራሹ መገጣጠሚያ ጽዋ መሳይ ጉድጓድና በውስጡ የሚዞር ኳስ ነው። ጽዋው ዳሌ አጥንት ላይ ተተክሏል፤ ኳሱ በቀጭን አንገት ከጭን አጥንት ጋር ተያይዟል። የተፈጥሮው ኳስ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 ሚሊ ሜትር በላይ ስፋት አለው። ሰው ሠራሹ ብዙ ጊዜ 28፣ 32 ወይም 36 ነው። ኳሱ ስላነሰ፣ በጣም ሲታጠፉ አንገቱ ቶሎ የጽዋውን የፊት ጠርዝ ይነካል። ከዚያ ወዲያ የሚያደርጉት እያንዳንዱ ግፊት ምስማር መንቀያ እንደሚሠራው ነው፤ ኳሱ ወደ ኋላ ይፈነቀላል። ከኋላ ያለው ማነው? ተቀዶ የተሰፋው ሽፋንና ጡንቻ። በ5 ሳምንቱ ገና አልጠናም። ጉልበት ወደ ውስጥ ሲዞር ወይም እግር በእግር ላይ ሲጣመር ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ አይጎንበሱ። ካልሲም ቢሆን፣ የወደቀ ሳንቲምም ቢሆን፣ አይጎንበሱ።

(ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ከፊት በኩል ተቀዶ ከሆነ ክልከላው ይለያል፤ እግርን ወደ ኋላ መዘርጋትና ወደ ውጭ ማዞር ነው የሚፈራው። አንዳንድ ሐኪሞች ክልከላውን ያላሉታል፤ ለ6 ወይም ለ12 ሳምንት የሚያጠብቁም አሉ። የሚገዛዎት የራስዎ ሐኪም ቃል ነው።)

ወደ ማጥለቂያው እንምጣ። ሽቦውን ዛሬ ይፍቱት። የሽቦ ጫፍ ያበጠ እግር ይቧጭራል፤ መገጣጠሚያው የተተካ ሰው ደግሞ የቆዳ ቁስልን መናቅ የለበትም፤ ኢንፌክሽን ወደ አዲሱ ዳሌ ሊሄድ ይችላል። እነዚህ ርካሽ ማጥለቂያዎች ያናድዱኛል። ገመዱ ክር ያህል ነው፣ ቀዳዳው ጠርዙ ስለታም ነው፣ ገመዱን የሚበላው እሱ ነው። ቀዳዳውን በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት። ወፈር ያለ የጥጥ ገመድ ያስገቡ፣ ቋጠሮው እግር በማይነካበት በውጭ በኩል ይሁን። ሁለቱ ገመዶች እኩል ርዝመት ይኑራቸው፤ አንዱ ካጠረ ካልሲው ተጣሞ ነው የሚወጣው።

ካልሲው ተረከዝ ላይ የሚቆመው አጫጫኑ ስላልተስተካከለ ይመስለኛል። ማጥለቂያውን ጭንዎ ላይ ያድርጉና የካልሲውን ጫፍ የፕላስቲኩ አፍንጫ እስኪነካ ይሳቡት። የተረከዙ ቦታ ወደ ታች፣ በፕላስቲኩ ጀርባ በኩል ይሁን። የካልሲው አፍ የገመዱን ቀዳዳዎች አይሸፍን። ገመዶቹን ይዘው ወለል ላይ ያውርዱት። ጣቶችዎን ያስገቡ፣ ጉልበትዎን ቀስ ብለው ወደ ፊት ይዘርጉ፣ ጣቶችዎን ትንሽ ወደ ታች ያድርጉ። ከዚያ ሁለቱንም ገመድ እኩል፣ በዝግታ። ጀርባዎ ወንበሩን እንደነካ ይቆይ። እግርዎ እርጥብ ከሆነ አይሞክሩት። የደም መርጋት መከላከያ ጠባብ ረጅም ካልሲ ካለዎት ግን በዚህ አይታገሉ፤ ሰው ያጥልቅልዎ።

ሱሪው ሰፊና ወገቡ ላስቲክ ያለው ይሁን። ያልጠናው እግር መጀመሪያ ይገባል፣ ሲያወልቁ መጨረሻ ይወጣል። ጫፉ በሚቆነጥጥ ረጅም ዘንግ ወገቡን ከፊት ይያዙ፣ ወደ ወለል ያውርዱ፣ ቀኝ እግርዎን ያስገቡ፣ ከጉልበት በላይ ሳቡት። ግራውን ያስከትሉ። የውስጥ ሱሪውንም አብረው ያድርጉት፤ ሁለቴ ከመነሳት አንዴ መነሳት ይሻላል። ለመነሳት ቀኝ እግርዎን ወደ ፊት ይዘርጉና በሁለት እጅዎ መደገፊያውን ይግፉ። ሲነሱም አይጎንበሱ። ከቆሙ በኋላ በአንድ እጅ ዎከር (ባለ አራት እግር የመራመጃ መደገፊያ) ወይም ጠንካራ ጠረጴዛ ይዘው በሌላው ሱሪውን ይሳቡ። ግድግዳ መያዣ የለውም። በአንድ እግር ቆሞ ሱሪ ማጥለቁ ዛሬ ይቁም።

ዘንግ ሲገዙ መደብሩ ውስጥ ከባድ ሱሪ ያንጠልጥሉበት። ርካሹ መንጋጋው ይከፈታል፣ ጫፉ ላይ ያለው ላስቲክም ቶሎ ይላጣል። ዘንጉን ምርኩዝ አያድርጉት።

ጫማው ኋላው የተዘጋ፣ የማይታሰር ይሁን፤ የጫማ ማጥለቂያው ደግሞ እጀታው ረጅም ይሁን። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ተረከዙ መግባቱን ለማየት ጉልበቱን ወደ ውስጥ አዙሮ በውጭ በኩል ወደ ታች ያያል። ይህ መጎንበስም መጠምዘዝም ነው። እጅዎና ማጥለቂያው በሁለቱ ጉልበቶች መካከል ይውረዱ። ተረከዙ ገብቶ እንደሆነ ወለሉን ረግጠው ይወቁት።

በድንገት ከባድ ሕመም ከመጣ፣ እግርዎ አጥሮ ወደ ውስጥ ከዞረና መቆም ካቃተዎት፣ ኳሱ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ማንም እንዲስበው አይፍቀዱ፤ ባሉበት ሆነው አምቡላንስ ያስጠሩ። ባትዎ ካበጠና ካመመዎት ደግሞ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው፤ ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ደረትዎን ከወጋዎት ግን አሁንም አምቡላንስ ነው።

ወንበሩ እስኪዘጋጅ ድረስ ካልሲውን ልጅዎ ያጥልቅልዎ።